‹ምትኬ› እና ‹መጠባበቂያ›፤ ስለ ቤት ውስጥ የመረጃ ማከማቻ ቃላት የቀረበ ሂስ

ወደ አማርኛ የሚገቡ ሙያዊ ቃላት ብዙውን ጊዜ የሚመዘኑት በሁለት ሚዛን ነው። አንደኛው የምሥረታቸው ሕጋዊነት ሲሆን፣ ይኸውም ቃሉ ከታወቀ ሥርና ከታወቀ የስም ቅርጽ መውጣቱ ነው። ሁለተኛው ለጆሮ መስማማታቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ለብዙ ዓመታት በእነዚሁ ሁለት ሚዛኖች ሲመዝን ቆይቷል። ሆኖም አንድ ቃል በሁለቱም ሚዛን አልፎ ሳለ፣ ሰሚው ቃሉን ተከትሎ የሚፈጽመው ድርጊት ከታሰበው ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ይህን የተረዳሁት ከንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ ራሴ አዘጋጅቼ ወደ አምደወርቅ ከላክሁት አራት ገጽ የመመሪያ ወረቀት ነው። ስለዚህ የሂሱ የመጀመሪያ ተከሳሽ የእኔው ወረቀት መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አምደወርቅ በዋግ ኽምራ ዞን የደሃና ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ በአካባቢዋ አማርኛና ኽምጣኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ኽምጣኛ ከአገው ልሳናት አንዱ ነው፤ የቢለን፣ የቅማንትኛና የአውንጂ እኅት ነው። ሊዮ ራይኒሽ በ1884 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ልሳን ጽፈዋል፤ ዴቪድ አፕልያርድም በ1987 እ.ኤ.አ. የሰዋስው ንድፉን አሳትመዋል። የሕዝቡ የዕለት ንግግር በድምፅ ተቀርጾ በአገር ውስጥ የተቀመጠው ግን ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በአምደወርቅ የሚኖር አንድ ወጣት መምህር የሽማግሌዎችንና የእናቶችን ንግግር በትንሽ መቅረጫ እየቀረጸ ማጠራቀም ጀመረ። ቤተ ሰቡና ጎረቤቱ በስልካቸውና በቴሌቪዥን እንዲያዳምጡት ስለፈለገ፣ ሁለት ዲስክ የሚይዝ አነስተኛ የቤት ማከማቻ ተገዝቶለት በላዩ ላይ ጄሊፊን የተባለው ነጻ ሶፍትዌር እንዲሠራ ተደረገ። ጄሊፊን በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኤምቢ ከተባለው ሥራ ተገንጥሎ የወጣ ሲሆን፣ አገልግሎቱ በአንድ ቤት ውስጥ የተጠራቀመውን ድምፅና ተንቀሳቃሽ ምስል በዚያው ቤት መረብ ላይ ላሉ መሣሪያዎች ማድረስ ነው። የኢንተርኔት መኖር ግድ አይለውም። መብራትና ስልክ ለረዥም ጊዜ ተቋርጠው በቆዩበት የጦርነት ወቅት ለኖረ የዋግ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። መምህሩ እንግሊዝኛውን ማንበብ ቢችልም፣ በሌለበት ጊዜ ወንድሞቹና ባለቤቱ ሊያዙት እንዲችሉ መመሪያው በአማርኛ እንዲሆን ጠየቀኝ። ጻፍሁለት።

ከመጀመሪያው ገጽ እንነሣ። ሶፍትዌርን በማሽን ላይ የማኖሩ ሥራ በስልኮችና በኮምፒውተሮች የአማርኛ ገጽ ላይ ‹ጫን› ተብሏል፤ እኔም ይህንኑ ተከተልሁ። የወረቀቴ ሦስተኛ መሥመር ቃል በቃል ‹ጫን የሚለውን ተጫን፤ ተጭኖ እስኪያበቃ ጠብቅ› ይላል። በአንድ መሥመር ላይ አንድ ሥር ለሦስት ድርጊት ዋለ ማለት ነው፤ ሶፍትዌሩን ለማኖር፣ በጣት ለመንካትና ማሽኑ ሥራውን እስኪጨርስ ለመቆየት። በዚህም ላይ ገጹ ሲከፈት የሚታየው ‹በመጫን ላይ› የሚለው ማስታወቂያ ሲጨመር አራት ይሆናል። ማኖሪያውን ሶፍትዌር ‹መጫኛ› ማለቱ ደግሞ ለደገኛ ጆሮ ሌላ ነገር ነው፤ መጫኛ ጭነት በአጋሰስ ላይ የሚታሰርበት ጠፍር ነውና። ‹መጫኛውን አውርድ› የሚለውን ዐረፍተ ነገር የመምህሩ አባት ሰምተው ምን እንደተረዱ መገመት አያዳግትም።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? አማርኛ ለዚሁ ጉዳይ የተዘጋጀ ቃል አለው። የፋብሪካ መሐንዲሶቻችን ‹የማሽን ተከላ› ሲሉ ኖረዋል፤ ደብር ይተከላል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ምሰሶ ይተከላል። ተከለ ማለት አንድን ነገር በስፍራው አጽንቶ ሥራውን እንዲጀምር ማድረግ ነው። ሶፍትዌሩንም ‹ትከል›፣ ሥራውንም ‹ተከላ›፣ ማስወገዱንም ‹ንቀል› ብንል አንዱም ከሌላው ጋር አይጋጭም። ‹ተጫን› ለጣት ብቻ ይቀራል።

‹አገልጋይ› የሚለው ቃል ብዙ ተከራክሮብናል። ቃሉ በቤተ ክርስቲያን የክብር ሲሆን በቀድሞው ቤተ ሰብ ሥርዓት ግን የሚያሳፍር ትዝታ አለበት። ይህ እንግዲህ ቃሉ በብዛት ስለተሠራበት እየደበዘዘ ሄዷል፤ ዛሬ ‹አገልጋዩ አልመለሰም› ሲባል የቤት ሠራተኛ የሚያስብ የስልክ ተጠቃሚ ጥቂት ነው። ልማድ የፈረደለትን ቃል መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሊሽረው አይችልም። የምቃወመው ‹የሚዲያ አገልጋይ› የሚለውን ጥምረት ብቻ ነው። በአማርኛ ‹ሚዲያ› ማለት ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ጋዜጣ ማለት ሆኗል። በዚህ ምክንያት ‹የሚዲያ አገልጋይ› የተባለው ሣጥን ለሰሚው ጋዜጠኛ ይመስላል። ‹የድምፅና የምስል አገልጋይ› ቢባል ይረዝማል፤ ግን ያስረዳል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ‹መጋቢ› የሚለውን ይመርጣሉ። መጋቢ መንገድ የሚል ቴክኒካዊ አጠቃቀም ስላለን ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በየቤተ እምነቱ የማዕርግ ስም ሆኖ ስለሚያገለግል አንዱን ማሻማት በሌላ ማሻማት መለወጥ ይሆንብናል። በዚሁ ሶፍትዌር ውስጥ የተጠራቀመውን ድምፅ ‹ቤተ መጻሕፍት› ማለቱ የእንግሊዝኛውን ቃል ከመከተል በስተቀር ምክንያት የለውም። ‹ስብስብ› ይበቃል።

የሣጥኑ ስም ራሱ ሌላ ችግር ነው። የእንግሊዝኛው ምኅጻረ ቃል በፊደላችን ሲጻፍ ‹ናስ› ይሆናል። ናስ ግን ከጥንት ጀምሮ የብረት ዓይነት ስም ነው። መምህሩ ገና ሣጥኑን ሳያይ በስልክ ‹የናስ ነው?› ብሎ ሲጠይቀኝ እኔም ‹አዎን፣ ናስ ነው› ብዬ መለስሁለት፤ ሁለታችንም የተግባባን መስሎን ነበር። ሣጥኑ የደረሰው ከፕላስቲክ ተሠርቶ ነው።

‹ማከማቻ› የሚለው ቃል ስሕተት የለበትም፤ ሰፊነቱ ግን ያዳክመዋል። በእጅ የሚያዝ ፍላሽም ማከማቻ ነው፣ የስልኩ ውስጠኛ ማኅደርም ማከማቻ ነው፣ በመረብ የተያያዘው ሣጥንም ማከማቻ ነው። እዚህ ላይ ‹ቋት›ን ማስታወስ ይገባል። ቋት የእህልና የዱቄት ማጠራቀሚያ ነበረ፤ ‹የመረጃ ቋት› በሚለው ጥምረት በኮምፒውተር ሙያ ከገባ ወዲህ ግን ያለ ምንም ግፊት ሰው ሁሉ ተቀብሎታል። ከገበሬ ቤት ወጥቶ በቢሮ ውስጥ የተደላደለ ሙያዊ ቃል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትም። ‹የመረብ ቋት› ብንል ቤተ ሰቡ ሁሉ ከያለበት እጁን የሚሰድድበት አንድ የጋራ ማጠራቀሚያ መሆኑ በራሱ ይገባል። ከ‹የመረጃ ቋት› ጋር ይቀላቀላል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ ቅጽሉ ይለየዋል ብዬ አስባለሁ። ይህን ግን እንደ ሐሳብ እንጂ እንደ ውሳኔ አላቀርበውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። ከአደጋ ለመዳን ሲባል ተገልብጦ ለብቻው የሚቀመጠው መረጃ በአንድሮይድ ስልኮች የአማርኛ ገጽ ላይ ‹ምትኬ› ተብሏል፤ ድርጊቱም ‹ምትኬ ማስቀመጥ› ሆኗል። በወረቀቴ ሦስተኛ ገጽ ላይ እኔም ተጠቀምሁበት። በሣጥኑ ያሉት ሁለት ዲስኮች እርስ በርስ እንደ መስታወት የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ማለትም በአንዱ የተጻፈው ወዲያው በሌላው ስለሚጻፍ፣ ‹አንደኛው ዲስክ ለሌላው ምትክ ነው፤ ስለዚህ ምንጊዜም ምትኬ አለህ› ብዬ ጻፍሁ። ካለፈው ፋሲካ በኋላ መምህሩ ቦታ ስለጠበበው አንድ አቃፊ ሙሉ የድምፅ ቀረጻ አጠፋ። ማታ ደወለልኝ። ‹ዶክተር፣ ምትኩ በሌላው ዲስክ ላይ አለ ብለው ጽፈውልኝ ስለነበረ ዋናውን አጠፋሁት፤ አሁን ከሌላው እንዴት ላምጣው?› አለኝ። ማጥፋትም እንደ መጻፍ ነው፤ ከአንዱ ሲጠፋ ከሌላውም በዚያው ቅጽበት ጠፍቷል። ከአሥራ አንድ ሰዓት ቀረጻ ሰባቱን ከመቅረጫው ካርድ ላይ አገኘነው። አራቱ ሰዓት አልተገኘም። በእነዚያ አራት ሰዓታት ከተናገሩት አንዲት እናት ቀረጻው ከተደረገ ወዲህ አርፈዋል።

የመምህሩን ጥያቄ ደጋግሜ ሳስበው ምንም ስሕተት አላየሁበትም። አማርኛውን በትክክል አንብቦታል። ተካ ማለት በሌላው ስፍራ ቆመ፣ የጎደለውን ሞላ ማለት ነው። ተተኪው ሲመጣ ተተኪ የተደረገለት ይሄዳል፤ ምትክ መምህር የሚገባው ቋሚው ሲወጣ ነው፤ መተኪያ የሌለው የምንለውም ከሄደ በኋላ ስፍራውን የሚሞላ የማይገኝለትን ነው። ስለዚህ ‹ምትክ አለው› የተባለ ነገር መጥፋቱ ተፈቅዷል። ቃሉ ‹ዋናውንም ያዝ፣ ሌላም አኑር› አይልም፤ ‹ዋናው ቢሄድም ግድ የለም› ይላል። መምህሩ የፈጸመው ይህንኑ ነው። አማርኛን እንደ ሁለተኛ ልሳን የያዘ ሰው ቃሉን በልማድ ሳያደነዝዝ በትርጉሙ ስለሚወስደው፣ በእንዲህ ያለ መመሪያ ላይ ከአፍ ፈቱ ተናጋሪ ይልቅ እርሱ የታመነ ፈታኝ ነው።

የቃሉ ቅርጽም ሊመረመር ይገባል። ምትክ በራሱ የተሟላ ስም ነው። በላዩ የተጨመረው ‹-ኤ› ምንድን ነው? ተራው መልስ የአንደኛ መደብ ባለቤትነት ነው፤ ምትኬ ማለት የእኔ ምትክ ማለት ነው። ይህንንም የሰው ስሞቻችን ያረጋግጣሉ። ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካልኝ፣ ካሳ እያልን የምንሰይመው ብዙውን ጊዜ ከሐዘን በኋላ የተወለደውን ልጅ ነው። ይህ ስም ያላት ሴት ስልኳን ከፍታ ‹ምትኬ ጠፍቷል› የሚል ማስታወቂያ ብታነብ ምን እንደምትል አላውቅም። ‹የእርስዎ ምትኬ› የሚለውም ‹የእርስዎ የእኔ ምትክ› ማለት ይሆናል። ለቃሉ ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች ‹-ኤ› እንደ ውሳኔ፣ ጥያቄ፣ ቅዳሴ፣ ውዳሴ ያለ የስም መመሥረቻ ነው ይላሉ። ነገር ግን እነዚህ በቀጥታ ከግሥ የወጡ የድርጊት ስሞች ናቸው፤ በ‹ም-› ባዕድ መነሻ ተመሥርቶ ባለቀ ስም ላይ ይህ መድረሻ ሲደረብ አላየሁም። ምሳሌ፣ ምጣኔና ምንዛሬ ቢጠቀሱ፣ በእነርሱ ውስጥ ‹ም› የሥሩ ፊደል ነው።

ፍርዴ አንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን ልጨምር። ‹ምትኬ› የተመረጠው ለስልክ ነው፤ ስልክ ሲሰረቅ ወይም ሲሰበር አዲሱ ስልክ በአሮጌው ስፍራ ይተካል፣ በሩቅ የተቀመጠው መረጃም ወደ አዲሱ ይገባል። በዚህ ሁኔታ የመተካት ሐሳብ እውነትነት አለው፤ ተርጓሚዎቹም ያለ ምክንያት አልመረጡትም። በደለኛው ከስልክ ወደ ቤት ቋት ያለ ምርመራ ያሻገርሁት እኔ ነኝ። መስታወትነትና መጠባበቂያነት የሚለያዩት እዚያ ላይ ነውና።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አገራችን ይህን ሥራ በተግባር ታውቀዋለች። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረውበታል። ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ፊልሙ በአዲስ አበባም በኮሌጅቪልም ተቀምጧል፤ የብዙዎቹንም ዝርዝር መግለጫ በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ደክመው አዘጋጅተዋል። መጽሐፉ በየደብሩ ዕቃ ቤት እንዳለ ቀረ። ፊልሙን ‹የመጽሐፉ ምትክ› ብሎ የጠራ ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ እንዲያ ቢባል ኖሮ ካህናቱ ገና በደጃፉ ‹መጽሐፋችንን ልትወስዱ ነው?› ባሉ ነበር። የሥራው ፍሬ ነገር ዋናው በስፍራው መቆየቱና ሌላው ከእርሱ ርቆ መቀመጡ ነበር። ፒተር ክሮግ የተባሉት ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፉት ‹3-2-1› የተሰኘው ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሦስት ይሁን፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይደር።

ይህን ሐሳብ የሚሸከመው የአማርኛ ቃል ‹መጠባበቂያ› ነው። ተጠባባቂ ሹፌር ዋናው ሹፌር እያለ ይኖራል። መጠባበቂያ ገንዘብ የሚያዘው የሚወጣው ገንዘብ ሳያልቅ ነው። ‹መጠባበቂያ እህል› ሲባል ደግሞ በዋግ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ ዋግ ነበረና፣ በመጋዘን ተለይቶ የተቀመጠ እህል ከዕለት እህል የተለየ መሆኑን የአምደወርቅ ሕፃንም ያውቃል። መጠባበቂያ ያለውን ሰው ቃሉ ‹ዋናውን ጣል› አይለውም።

ከመጠባበቂያው ጋር የሚጣመረው ስም ‹ቅጂ› እንዲሆን ብዙዎች ያዘነብላሉ። እኔ አልስማማም፤ ቀዳ ከካሴት ዘመን ጀምሮ ለቀረጻም ለማባዛትም ስለዋለ፣ ‹የድምፅ ቅጂ መጠባበቂያ ቅጂ› የሚል ውጥንቅጥ ይፈጥራል። ‹ግልባጭ› ይሻላል። መሥሪያ ቤቶቻችን በደብዳቤ ግርጌ ‹ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት› እያሉ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ግልባጭ ከዋናው ተለይቶ ወደ ሌላ ክፍል የሚሄድ መሆኑ በቃሉ አጠቃቀም ውስጥ አለ። ስለዚህ ስሙ ‹መጠባበቂያ ግልባጭ›፣ በአጭሩ ‹መጠባበቂያ›፣ ግሡም ስንቅ ያዝ እንደምንለው ‹መጠባበቂያ ያዝ› ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ዲስኮች የሚሠሩትን ደግሞ ‹ጥንድ ጽሕፈት› ብዬዋለሁ፤ ከመጠባበቂያ ፈጽሞ እንዲለይ ነው። ረዘመ የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ‹ምትኬ› ሦስት ፊደል ነው፤ ‹መጠባበቂያ› ግን ስድስት። ለቁልፍ ጠባብ ቦታ የሚጨነቅ የሶፍትዌር ሠሪ ሊያማርር ይችላል። አራቱን ሰዓት ያጡት ግን ቃል አጥሮላቸው ነበር።

‹ምትኬ› በብዙ ስልኮች ላይ ተተክሏልና ከመዝገበ ቃላት ይውጣ አልልም፤ በፍቺው ሥር የአጠቃቀም ወሰኑ ይመዝገብ፤ ተርጓሚዎችም በመመሪያ ጽሑፍ ውስጥ ብቻውን እንዳያቆሙት ይጠንቀቁ።

ሌላ አንድ ጉድለት በወረቀቴ ላይ ቆይቶ ተገኘ። መምህሩ የተናጋሪውን ስም፣ መንደሩንና ቀኑን የመዘገበው በድምፁ ፋይል ላይ ሳይሆን በጄሊፊን ገጽ ላይ ነበር። ይህ መግለጫ የሚቀመጠው ከድምፁ ተለይቶ በሶፍትዌሩ የራሱ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ስለዚህ የድምፅ አቃፊውን ብቻ የገለበጠ ሰው ድምፁ ይኖረዋል፤ ማን እንደተናገረው ግን አያውቅም። ለቋንቋ አጥኚ ይህ ግማሽ ጥፋት ነው። ሁለቱንም መገልበጥ፣ ቋቱም በሚገለበጥበት ጊዜ አገልጋዩን አስቀድሞ ማቆም ያስፈልጋል፤ እየተጻፈበት ያለ መዝገብ ሲገለበጥ ሊጎድል ይችላልና። ወረቀቴ ‹ፋይሎቹን ሁሉ› ብቻ ይል ስለነበረ መምህሩ ፋይል የሚለውን በድምፅ ተረጎመው። እዚህ ላይ ‹ውሂብ› የሚለው ቃል ረድቶኛል። ከግእዙ ወሀበ የወጣና የተሰጠ ማለት በመሆኑ ከላቲኑ ሥረ ቃል ጋር በሐሳብ ይገጥማል፤ በሥርወ ቃሉም በአጠቃቀሙም ከዘመናችን ንጹሕ ምሥረታዎች አንዱ ይመስለኛል። ስለ ውሂብ የሚናገረውን ውሂብ ‹ዲበ አካል› በሚለው አርአያ ‹ዲበ ውሂብ› ማለት ይቻላል፤ በወረቀቱ ላይ ግን ‹የቀረጻው መግለጫ› አልሁት፤ የመምህሩ ባለቤት እንድታነበው ነውና።

‹ሰርዝ› ደግሞ በአንዳንድ ገጾች ለመተውም ለማጥፋትም ሲውል ይታያል። ሁለተኛው ወረቀት ‹ተወው› እና ‹አጥፋ› ብሎ ለይቷቸዋል። ሦስተኛው ግልባጭ በአንድ ተነቃይ ዲስክ ላይ ሆኖ ሰቆጣ በሚገኝ ዘመድ ቤት ይቀመጣል፤ በየሁለት ወሩም ሰው ሲወርድ ይታደሳል።

ያልተፈታ አንድ ቃል ቀርቶኛል። በሁለት መሣሪያዎች ላይ ያለው መረጃ አንድ ዓይነት እንዲሆን የማድረጉ ሥራ በአንዳንድ ገጾች ‹ስምረት› ተብሏል። ከሰመረ የወጣ ደስ የሚል ቃል ነው፤ ግን ‹ስምረት ቆሟል› የሚለው ማስታወቂያ ሲነበብ ሥራው ሁሉ የከሸፈ ያስመስላል። ‹ማመሳሰል› ደግሞ ትክክል ቢሆንም የማጥፋቱን ጎን አያሳይም፤ በአንዱ የጠፋው በሌላውም እንደሚጠፋ የሚያስጠነቅቅ ቃል እስካሁን አላገኘሁም። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ስፍራውን በመግለጫ ሞልቼዋለሁ፤ የተሻለ ያለው አንባቢ ለዝግጅት ክፍሉ ቢጽፍ በሦስተኛው ወረቀት ላይ እጠቀምበታለሁ።